በቀበና ባሕር ማብራት

ሰው ሲያረጅ ይለዝባል ይላሉ። ውሸት ነው። የሚለዝበው ጉልበት ነው እንጂ ልብማ እንደ ቋንጣ እየደረቀ ነው የሚሄደው። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ላይ ትኬት ስቆርጥ የሰደበኝን ሁሉ «እሺ ጌታዬ፣ ወደ ውስጥ ጠጋ ይበሉ» እያልኩ ያሳለፍኩ ሰው፣ በሰባ ሁለት ዓመቴ ከዕድሩ፣ ከሚስቴና ከአንድ ሙሉ ታክሲ ሕዝብ ጋር ተጣላሁ። ያጣላኝ ርስት አይደለም፣ ድንበርም አይደለም። አምፖል ነው። ደግሞም ልክ የነበርኩት እኔ ነኝ። ብዙ የሞኝ ሥራ እንደ ሠራሁ አልክድም፤ እንዲያውም አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ። ሞኝና ልክ መሆን ግን አብረው የሚሄዱ ነገሮች ናቸው፤ ያልደረሰበት ሰው አይገባውም።

ቀስ ብዬ ላጫውታችሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ስጽፍም እንደ እርምጃዬ ነው፤ በየመንገዱ ቆም እላለሁ። የቸኮለ ቢኖር ወረቀቱን ለጎረቤቱ ይስጥ።

ቤታችን ከቀበና ወንዝ ከፍ ብሎ ነው። ከግቢው ጥግ፣ መስኮቷ ወደ ኮብልስቶኑ መንገድ የሚያይ አንዲት ሰርቪስ ቤት አለችን። እሷን ሰብለ የምትባል፣ ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ ሥርዓት ያላት ልጅ ተከራይታ ነበር። ሌላው ተከራይ ፍራሽና ቡታጋዝ ይዞ ይገባል። ሰብለ ፍራሽ፣ ቡታጋዝና ባሕር ይዛ ገባች። ቀልድ አይምሰላችሁ። ሁለት ክንድ የሚሆን የመስታወት ገንዳ ነው፤ ውሃውን በልዩ ጨው በጥብጣ የባሕር ውሃ ታደርገዋለች። ውስጡ ነጭ ቀበቶ የታጠቀ አንድ ብርቱካናማ ዓሣና ኮራል የሚሉት ነገር አለ። ከላዩ ደግሞ ከውጭ አገር የመጣ ሰማያዊ መብራት ተሰቅሏል።

ኮራሉን መጀመሪያ ሳየው ድንጋይ ነው ብዬ ድርቅ አልኩ።

«አባባ፣ እንስሳ ነው» አለችኝ።

«እንስሳ ከሆነ ዓይኑ የታል?»

«የለውም።»

«እግሩስ?»

«የለውም።»

«ታዲያ እንዲህ ያለው እንስሳ ምን ሠርቶ ይበላል?»

«ብርሃን ነው ምግቡ። ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነገሮች ይኖራሉ። እነሱ እንደ ቅጠል ከብርሃን ምግብ ይሠሩና ለሱ ያካፍሉታል፤ እሱ ደግሞ ማደሪያ ይሰጣቸዋል።»

ይህን ጊዜ ገባኝ። አከራይ ነው ማለት ነው። እንደ እኔ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር በመስኮት «እንደምን ዋልክ» ማለት ጀመርኩ። ቀን ቀን አረንጓዴ ጣቶቹን ዘርግቶ፣ በውሃው ንቅናቄ ቀስ እያለ ይወዛወዛል፤ አዝማሪ ፊት የተቀመጠ ጨዋ ሰው ነው የሚመስለው።

መስከረም ላይ ሰብለ ለስድስት ወር ሥልጠና ጅማ ተላከች። ባሕር ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ሁለት እጄን ይዛ «አባባ፣ አደራ» አለችኝ። እኔ የተነሳሁበትን አገር የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ አደራ ያለችህ በቅሎ ብትሆን እንኳ በቅሎዪቱን ሳታስረክብ አትሞትም። አጎቴ የሰው አደራ አንድ ፍየል ስትጠፋበት ሦስት ቀን ገደል ለገደል ሲዞር ሰንብቶ፣ ፍየሏን አግኝቶ እሱ ታሞ ገባ። ፍየሏ ጤነኛ ነበረች።

ሦስት ሳምንት በሰላም ሄደ። ዓሣውን አበላለሁ፣ የጎደለውን ውሃ እሞላለሁ፣ መብራቱ በራሱ ሰዓት በርቶ በራሱ ሰዓት ይጠፋል። ከዚያ አንድ ቀን መብራት ሄደ። መሄዱ አይገርምም። የሚገርመው አመጣጡ ነው፤ እንደ ሰከረ አማች በሩን በርግዶ ገባ። የባለቤቴ የአስካለ ቴሌቪዥን ተረፈ፣ ማቀዝቀዣው ተረፈ፣ የሰፈሩ ወፍጮ እንኳ ተረፈ። የባሕሩ መብራት ግን አንድ ጊዜ «ጧ» አለና ጭስ ተፋ።

ለሰብለ ደወልኩ።

«አባባ፣ እሱ መብራት እዚህ አገር አይገኝም። ከውጭ ይምጣ ቢባል ሁለት ወር ነው። ኮራሉ ያለ ብርሃን አሥር ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ሳምንት ነው የሚቆየው።»

«እና?»

«እና ይተዉት። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ይሙት።»

«እንዴት ይሙት?»

«አንድ ኮራል ነው እኮ አባባ።»

«አደራ ስትይኝ አንድ መሆኑን አላወቅሽም ነበር?»

ስልኩን ዘጋሁት። እኔም ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ አደራውን እጄን ይዛ ነው የሰጠችኝ፤ በስልክ አልመልስላትም። ሰብለ ብትተወውም እኔ አልተውም። አስካለ በበኩሏ «እግዜር ገላገለህ! ድንጋይ ከመጠበቅ አወጣህ» አለች። መልስ ሳልሰጣት ወጣሁ፤ አርባ አራት ዓመት አብሮ መኖር የሚያስተምረው ይህን ነው።

መጀመሪያ ያሰብኩት ፓውዛ ነው። እኔ የዕድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ፣ ድንኳን ውስጥ የሚበራው ትልቁ ፓውዛ ሁሉ ቁልፉ ከኔ ዘንድ ነው። የዕድር ዕቃ ለሞት ካልሆነ በቀር አይወጣም፤ ሕጉ ነው። ሊሞት ያለም ከሞተው ይቆጠራል ብዬ ለራሴ ፈረድኩና ፓውዛውን በጋቢ ጠቅልዬ አመጣሁት። ገንዳው ላይ ሰቅዬ ሳበራው ቤቱ ቀን ሆነ። ዓሣው እንደ ሌባ ድንጋይ ሥር ተደበቀ። ኮራሉ ደግሞ ጣቶቹን ሰብስቦ ፊቱን የደፈነ ቅር የተሰኘ ሰው መሰለ። በሦስተኛው ቀን የመስታወቱ ግድግዳ በሙሉ አረንጓዴ ለበሰ። ጎመን ዘርቼ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያማረ ሰብል አላይም ነበር።

በዚያው ዕለት ከበላያችን ያሉት አዛውንት አረፉ። ድንኳን ይተከል ተባለ። እየሮጥኩ ፓውዛውን ነቅዬ፣ ሳልወለውል ይዤ ደረስኩ። የዕድሩ ዳኛ አቶ ተሰማ ዕድሜውን ሙሉ መዝገብ ቤት የሠራ፣ የጎደለ ነገር የማያልፈው ሰው ነው። ፓውዛው ላይ የደረቀውን ነጭ ነገር በጣቱ ነካ፤ ቀመሰው።

«ይህ ጨው ነው» አለኝ። «የዕድር ፓውዛ ጨው ከየት አመጣ?»

«የሐዘን ቤት መብራት ነው ተሰማ፤ እንባ ይሆናል።»

አየኝ። እኔም አየሁት። ሬሳ ፊት አይጨቃጨቅም ብሎ ተወኝ፤ እንዳልረሳው ግን ዓይኑ ነገረኝ።

አሁን ፓውዛም የለኝም። ግቢው ውስጥ አውጥቼ ፀሐይ ላሙቀው እንዳልል፣ ከጎናችን አራት ፎቅ ቆሞ ፀሐያችንን ከወሰደ ሁለት ዓመቱ ነው። ቁጭ ብዬ ሳስብ እንጦጦ ትዝ አለኝ። ፀሐይ ወደላይ ናት፤ እንጦጦም ወደላይ ነው፤ እንግዲህ እዚያ ትቀርባለች። የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ አትሳቁ። በማግሥቱ ጠዋት ኮራሉን ከነውሃው በባልዲ አድርጌ፣ በነጠላ ሸፍኜ፣ በሽሮ ሜዳ በኩል በታክሲ እንጦጦ ማርያም ወጣሁ። ከባሕር ዛፎቹ ወጣ ያለ ገላጣ ሣር ፈልጌ ነጠላውን ገለጥኩለት። ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት አጠገቡ ተቀምጬ ጠበቅሁት። የሚያልፍ ሰው ሁሉ ባዶ የሚመስል ባልዲ የሚጠብቅ ሽማግሌ አይቶ ያማትባል። ስድስት ሰዓት ላይ ጎንበስ ብዬ ሳይ ኮራሉ ነጥቷል። አረንጓዴው ሄዶ የአጥንት መልክ መጥቶበታል።

ደንግጬ ባልዲውን ሸፍኜ የሚወርደው ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ከእንጦጦ ማርያም የተሸፈነ ውሃ አቅፎ የሚወርድ ሽማግሌ ምን እንደሚመስል ያወቅሁት እዚያ ነው።

«አባቴ» አሉ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ፣ «ለታመመች ልጄ ትንሽ ጸበልዎን ያካፍሉኝ።»

«ጸበል አይደለም እመቤቴ። የባሕር ውሃ ነው።»

«እንጦጦ ላይ ባሕር አለ እንዴ?»

«የለም። ይዤው ወጥቼ ይዤው እየወረድኩ ነው።»

ረዳቱ በሩን እንደያዘ ዞረና «አባት፣ ውሃውን ለሽርሽር ነው ያወጡት?» አለኝ። ሳቅ ሆነ።

«ለበሽተኛ ጸበል የሚነፍግ ሽማግሌ ዛሬ አየሁ» አሉ ሴትዮዋ።

«ኧረ እናቴ፣ ጨው ነው! ውስጡም እንስሳ አለ።»

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ከኋላ አንድ ሰውዬ «ጸበል ውስጥ እንስሳ አለ ይላሉ! ድፍረት ነው!» ብሎ ተነሣ። ሴትዮዋ ነጠላውን ገለጥ አድርገው እጃቸውን ነክረው ቀመሱ። ፊታቸው እንደ ሎሚ ተጨማደደ። ተገላገልኩ፣ አሁንስ አመኑኝ ብዬ እግዜርን አመሰገንኩ።

«ዋይ! እንዴት ነው የሚመርረው!» አሉ።

«አላልኩዎትም?»

«የሚመርረው ነው እንጂ የሚያድነው!»

ከዚያ ወዲያ እጅ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። ከግራ ኩባያ፣ ከቀኝ የውሃ ፕላስቲክ። ባልዲውን እንደ ሕፃን ደረቴ ላይ ለጥፌ በሕይወቴ ጮኼ የማላውቀውን ጩኸት ጮህኩ፦ «ማንም አይነካም! የሰው አደራ ነው!» ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ላይ እንዲህ ጮኼ ቢሆን ኖሮ ያለ ትኬት የሚሄድ ሰው አይኖርም ነበር። ሕዝቡ ተቀየመ። ረዳቱም ሽሮ ሜዳ ሲያወርደኝ «አባት፣ ንስሐ ይግቡ» ብሎ መከረኝ። ሴትዮዋን ግን እስከ ዛሬ አስባቸዋለሁ። ልጃቸውን እግዜር ይማርላቸው፤ በኔ ጨው ከሆነ የዳነችው ደግሞ ምስጋናው የሰብለ ነው።

ማታውኑ ሰብለ በስልክ ነገሩን ፈታችልኝ። ኮራል ሲደነግጥ ውስጡ ያሉትን ተከራዮች ያስወጣል፤ የነጣው ለዚህ ነው። ተከራይ ከሌለው ደግሞ ይራባል። አልሞተም፤ ብርሃን በልክ ካገኘ ተከራዮቹ ይመለሳሉ፤ ካላገኘ በቃ። «ይተዉት አባባ» አለች ደግማ። ልጅቷ ጥሩ ሰው ናት፣ ግን አንድ ነገር ደጋግማ መናገር ትወዳለች።

በማግሥቱ የተቃጠለውን መብራት በፌስታል ይዤ ሲግናል ሰፈር ወረድኩ። እዚያ የሱቅ ማስታወቂያ መብራት የሚሠራ ቶላ የሚባል ሰው አለ። ሃምሳ ዓመት ይሆነዋል። አባቱ ከየካ ተራራ ሥር ሽንኩርት ያመርቱ ነበር፤ መሬቱ ቤት በቤት ሲሆን እሱ ሽቦ ያዘ። ታሪኩን ሁሉ ነገርኩት፤ ፓውዛውን፣ ባልዲውን፣ እንጦጦን። ሥራውን አቁሞ ሳቀ፤ ዓይኑን ጠረገ፤ እንደገና ሳቀ።

«ጋሼ፣ ችግኝ አፍልተው ያውቃሉ?»

«እኔ ትኬት ነው የቆረጥኩት።»

«አባቴ የሽንኩርት ችግኝ ከጥላ ሲያወጣ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ብቻ ነው ፀሐይ የሚያሳየው። በሁለተኛው ቀን ትንሽ ይጨምርለታል። በአንድ ጊዜ ቢገልጠውማ እስከ ቀትር ድርቆሽ ነው። እርስዎ የታመመ ችግኝ ተሸክመው ፀሐይዋ አፍ ውስጥ ከተቱት!»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የገበሬ ልጅ አለመሆኔ ቆጭቶኝ አያውቅም።

ቶላ የተቃጠለውን መብራት ፈታው። ውስጡ ኤልኢዲ የሚሏቸው፣ የምስር ፍሬ የሚያህሉ መብራቶች ተደርድረዋል። የሞቱት ኃይል የሚሰጣቸው ሳጥንና ነጮቹ ፍሬዎች ናቸው፤ ከሰማያዊዎቹ ብዙዎቹ ተርፈዋል። በስልክ ከሰብለ ጋር ተማከሩ። ባሕር ጥልቅ ሲሆን ቀዩ ብርሃን እላይ ይቀራል፤ ታች ድረስ የሚወርደው ሰማያዊው ነው፤ ኮራልም የለመደው እሱን ነው አለች። ስለዚህ ሰማያዊው ይብዛ፣ ነጩ ይነስ። ቶላ እንደ ሬዲዮ ድምፅ የሚዞር ማደብዘዣም እንሥራለት አለ፣ ብርሃኑ በየቀኑ በጥቂቱ ከፍ እንዲል።

«አንድ ነገር ግን ይቀረናል» አለኝ። «እነዚህ ፍሬዎች ጀርባቸው ይግላል። ሙቀቱን የሚጠጣላቸው ወፍራም አሉሚኒየም ካልተለጠፉበት በሳምንት ይሞታሉ።»

«ከየት ይመጣል?»

«ይፈልጉ እንጂ ጋሼ። ኦብሳ» አለኝ፤ ታገሡ ማለቱ ነው።

እኔ ግን አልታገሥኩም። ወፍራም አሉሚኒየም የት እንዳለ አውቃለሁ። የአስካለ ትሪ። ለሠርጋችን አክስቷ የሰጠቻት፣ አሁን እንደሚሠራው ወረቀት ሳይሆን ሁለት ሰው የሚሸከመው ጥንታዊ ትሪ። በጓሮ በር ይዤው ወጣሁ። በሁለተኛው ቀን ተበስቶ፣ ፍሬ ተለጥፎበት፣ ከአሮጌ ኮምፒውተር የተነቀለ ማራገቢያ ጀርባው ላይ ታስሮበት ተመለሰ።

«ትሪዬ የት ገባ?» አለች አስካለ።

«ሥራ አገኘ።»

«የምን ሥራ?»

«መብራት ተሸክሟል። ተበስቷል።»

ሰርቪስ ቤቷ በር ላይ ቆማ አየችው። «ከሠርጋችን የተረፋችሁልኝ አንተና ትሪው ነበራችሁ» አለች። «አሁን ሳስበው መበሳት የነበረበት ሌላው ነው።» ብላ ሄደች። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። መብራቱ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ የሚያምር ነገር ነበር። ሳበራው ገንዳው ውስጥ የአመሻሽ ሰማይ ወረደ። ዓሣው ከድንጋዩ ሥር ወጣ። ኮራሉ ነጭ እንደሆነ ነው። ማደብዘዣውን ዝቅተኛው ላይ አድርጌ፣ በየቀኑ በአንድ ፀጉር ብቻ ከፍ ማድረግ ጀመርኩ። ችግኝ አፈላሁ በሉት።

ተረጋጋሁ ስል ሰፈራችን የኤሌክትሪክ ምሰሶ ሊቀየር ነው ተባለ። ከጠዋት እስከ አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት መብራት የለም፤ ለስንት ሳምንት እንደሆነ የሚያውቅም የለም። ኮራሉ ብርሃኑን ማግኘት የሚችለው ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ብቻ ሆነ። ልክ ሰው ከሥራ በሚገባበት ሰዓት መስኮቴ ሰማያዊ ይሆናል፤ መንገዱም፣ የመንገዱ ድንጋይም፣ የሚያልፈውም ሰው ፊት ሰማያዊ ይሆናል።

አንድ አመሻሽ በር ተንኳኳ። አስካለ ከፈተች። ከረባት ያሰረ፣ እኛ የማናውቀው ጎልማሳ ነው።

«ይቅርታ እናቴ፣ ማሳጅ ቤቱ እዚህ ነው የተባልኩት። ወገቤን ያመኛል።»

«እኔንም ያመኛል!» አለችው አስካለ። «ማን አሸኝ?»

ሰውየው ኮብልስቶኑን እንዴት እንደ ወረደው አላየነውም። ነገሩ ግን ገባን። ሰፈሩ ሰማያዊውን መብራት አይቶ ማሳጅ ቤት ከፍተን በጓሮ በር እንግዳ የምናስተናግድ አድርጎናል። አስካለ ያን ዕለት በንዴት ዝምታዋን ፈታችና ከቤት ቀይ መጋረጃ አምጥታ መስኮቱ ላይ ሰቀለች። ወጥተን ከመንገድ አየነው። ሰማያዊው በቀዩ ውስጥ አልፎ ወይን ጠጅ ሆኗል። ቀድሞ የሚጠረጠር ነገር ነበር፤ አሁን የተረጋገጠ መሰለ። ሁለታችንም ምንም ሳንናገር ገብተን አወረድነው።

እሑድ አመሻሽ አቶ ተሰማ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። ሰርቪስ ቤቷ ውስጥ የሰብለ አልጋ ላይ በተርታ ተቀመጡ። ሦስቱም ሰማያዊ ሆኑ። አቶ ተሰማ ገንዳውን አየ። መስታወቱ ጠርዝ ላይ የደረቀውን ነጭ ነገር አየ። በጣቱ ነካ፤ ቀመሰው።

«እንባ!» አለ። «እንባ ይሆናል ብለኸኝ ነበር!»

«ዋሽቻለሁ» አልኩ። «ፓውዛውን ወስጃለሁ። ጥፋት ነው፤ ቅጡኝ።»

«እሱን እንደርስበታለን። አሁን የመጣነው ለዚህ መብራት ነው። የሰፈሩ ስም ጠፋ። ልጃገረዶች ያሏቸው ሰዎች በዚህ መንገድ ማለፍ አፍረዋል። ቀን አብራው፤ ሲመሽ አጥፋው።»

«ቀን መብራት የለም።»

«እንግዲያውስ ይጥፋ!»

«ከጠፋ ይሞታል።»

«ምኑ?»

ኮራሉን አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየው። ነጭ፣ የተኮማተረ፣ ምንም የማይል ነገር ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት አንድ ነገር እንዲንቀሳቀስልኝ ለምኜ አላውቅም። አልተንቀሳቀሰም።

«ይህ የሞተ ድንጋይ ነው» አለ ተሰማ።

«አልሞተም። ታሟል።»

«የገንዳው ባለቤትስ ምን አለች?»

«ተወው ብላለች።»

ሦስቱም ተያዩ። አንደኛው ሽማግሌ በቀስታ፣ «ወንድሜ፣ ልጅቷ ራሷ ከተወችው አንተ ለማን ነው የምትሟገተው?» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። እኔም ከልቤ መለስኩለት።

«ለሱ። እሱ ተወኝ አላለኝም።»

አቶ ተሰማ ተነሣ። «ስማ፣ የዕድር ዕቃ ኃላፊነትና ይህ መብራት አብረው አይሄዱም። አንዱን ምረጥ» አለ። ከዚያ ወደ አስካለ ዞረ። «አስካለ፣ አንቺ እንኳ አስተዋይ ነሽ፤ ምከሪው እንጂ።»

ደነገጥኩ። አስካለ ከመጀመሪያው ጀምሮ የምትለውን ከዚህ ሰውዬ አፍ መስማቷ ነው። እጇን አጣምራ በሩ ላይ ቆማለች።

«ተሰማ፣ እኔ ባሌን ስሰድበው ቤቴ ነው» አለች። «አንተ ግን ሰው ቤት ገብተህ ጨው እየላስክ መብራት አጥፉ ትላለህ። ትሪዬ የተበሳው ጨለማ ሊሸከም አይደለም!»

ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁ። አሥራ አንድ ዓመት ይዤው ኪሴን ሁለት ጊዜ ቀዶታል። የሰብለ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። «ሰው ሲሞት እንደ ማንም ቆሜ ድንኳን አስተክላለሁ» አልኩ፣ «መብራቱን ግን አላጠፋም።» ወጡ። መንገዱ ላይ ሰማያዊ ሆነው ሲወርዱ ታዩኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ረጅም ነበሩ። በየአመሻሹ መብራቱን አበራለሁ፤ አንድ ፀጉር ከፍ አደርጋለሁ፤ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። ኮራሉ ነጭ ነው። ቶላ ከሥራ ሲገባ ጎራ ይልና ጀርባውን በእጁ ዳሶ «ትሪው ቀዝቃዛ ነው፣ ደህና ነው» ይለኛል፤ ስለ ኮራሉ አይናገርም። አንድ ቀን ጠርዙ ላይ ቡናማ ነገር ያየሁ መሰለኝ። መነጽሬን ወልውዬ አየሁ። ዓይኔ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ታኅሣሥ ገብቶ ምሰሶው ተቀይሮ ሳያልቅ፣ አንድ አመሻሽ ጓሮ አጥር ስጠግን የአስካለን ድምፅ ሰማሁ። «አንተ! አንተ ሰውዬ!» የወደቀች መስሎኝ መዶሻዬን እንደያዝኩ ሮጥኩ። ሰርቪስ ቤቷ ውስጥ የሰብለ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ እጇ አፏ ላይ ነው። ወደ ገንዳው ጠቆመችኝ።

ኮራሉ ከድንጋዩ ተነሥቶ አብጦ ቆሟል። መልኩ ተመልሷል። ጣቶቹን አንድ በአንድ አውጥቷል፤ ረጃጅም፣ አረንጓዴ፣ ጫፋቸው የሚያበራ፤ በሰማያዊው ውሃ ውስጥ ቀስ እያሉ ይሄዳሉ ይመጣሉ። አስካለ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ፣ «ይህን ነበር ድንጋይ ያልኩት?» አለች።

ለሰብለ በምስል ደወልን። አስካለ ስልኩን ያዘች። ልጅቷ አየችው፤ ጅማ ሆና አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ሥልጠናው ሲያበቃ እዚያው እንደተመደበች፣ ገንዳውንም ልታጓጉዘው እንደማትችል ነገረችኝ።

«አባባ፣ እንደዚህ የደከሙበት እርስዎ ነዎት። ከእንግዲህ የእርስዎ ይሁን።»

«አይሆንም» አልኳት።

«ለምን አባባ?»

«የኔ ከሆነማ አንድ ቀን ልተወው እችላለሁ። አደራ እንደሆነ ይቆይ።»

ስልኩን አስካለ ዘጋችው። እኔም ጎንበስ ብዬ መብራቱን በአንድ ፀጉር ከፍ አደረግሁት።